ስሕተቴን የምጽፍበት ቦታ፦ የራሴን ድረ ገጽ በመያዝ ያየሁት

የራሴን ድረ ገጽ የከፈትሁት በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃኝ ኀዘን ነበር። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል፣ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት በአንድ የማኅበራዊ መገናኛ መድረክ ላይ፣ የአማርኛ ቋንቋ ወዳጆች ባቋቋሙት ግሩፕ ውስጥ በየሳምንቱ እጽፍ ነበር። በጋዜጣ አራሚነት ስሠራ የታዘብኋቸውን የፊደልና የቃላት ግድፈቶች፣ ሬዲዮኖቻችን ከእንግሊዝኛ እየገለበጡ የሚያስለምዷቸውን አነጋገሮች፣ አንድ ዜና በሦስት ጋዜጦች በሦስት ርእስ ሲወጣ በአንባቢ ልብ ውስጥ የሚያሳድረውን ልዩነት እያነሣሁ እንወያይ ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ቃል አመጣጥ የተነሣ ክርክር ወደ ብሔር ስድብ ተለወጠና፣ ግሩፑን የሚመሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተጣልተው ጨርሶ ዘጉት። በማግስቱ ስገባ የሁለት ዓመት ጽሑፌ፣ የአንባቢዎች መልስ፣ ከጎጃምና ከወሎ ሰዎች እየላኩ ያሰባሰብናቸው የገጠር ቃላት ጭምር፣ አንዱም አልነበረም። እኔም ቅጂ አልያዝሁም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በሌላ ሰው ቤት ለብዙ ጊዜ ለጻፉና የራሳቸው ደጃፍ እንዲኖራቸው ለሚያስቡ ነው። ስለ አሠራሩ የማውቀውን እናገራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጽሑፌን በስሜና በቀኑ፣ ማንም ተመልሶ በሚያገኘው አንድ ቦታ ላይ ማኖሬ ዜና የማነብበትንና ከሰው ጋር የምወያይበትን መንገድ ለውጦታልና፣ አብዝቼ የምቆየው በዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው አድራሻ ነው፤ በተለምዶ ዶሜይን የምንለው። አድራሻ ገዝተውት የሚቀር ንብረት ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ መሆኑን በጊዜው በውል አልተረዳሁም ነበር። አዲስ አበባ ላይ የነበረኝ የባንክ ካርድ በውጭ ምንዛሬ ስለማይከፍል፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በራሷ ካርድ፣ በራሷ ስምና በራሷ ኢሜይል አስመዘገበችልኝ። አራት ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያም ካርዷ ተቀየረ፤ የእድሳት ማስጠንቀቂያው የሚላክበትን ኢሜይልም መክፈት ትታ ኖሯል። አንድ ጠዋት ገጼን ስከፍት በቦታው የማላውቀው ማስታወቂያ ተተክቶ አገኘሁ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመዱት አድራሻዎች ከተሰረዙ በኋላ የቀድሞው ባለቤት ብቻ መልሶ የሚያነሣበት የ30 ቀን የመጨረሻ ዕድል እንዳላቸው፣ ክፍያውም ከመደበኛው እድሳት እጅግ እንደሚበልጥ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘመድ ይክፈልላችሁ፤ ምዝገባው ግን በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀድሞ መክፈል ስለሚቻልም፣ ገንዘብ ሲገኝ ጥቂት ዓመታትን ደርቦ መክፈል ይበጃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ተለቅቆ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ 100 ብርን ሲያልፍ፣ እኔ የአምስት ዓመቱን ቀድሜ ከፍዬ ስለነበር ገጼ አልተነካም።

ሁለተኛው ጣጣ የፊደሉ ነበር፤ ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ስለሆነ በዝርዝር ልናገር። በጋዜጣው ቤት ሳለሁ የጻፍኋቸው ፋይሎች ሁሉ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ነበሩ። እነዚያ የቀድሞ ፎንቶች የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ እያስቀመጡ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ፊደላችን የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሥርዓት በሚቆጥረው በዩኒኮድ የራሱን መለያ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ በየቢሯችን ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሮጌው መንገድ ስንጽፍ ኖረናል። የእኔን ፋይሎች በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ካዞርሁ በኋላ፣ አንዳንድ ፊደል እየተዛባ ስለመጣ፣ እያንዳንዱን ገጽ እንደ ጋዜጣ ፕሩፍ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አንብቤዋለሁ። አሮጌ ፋይል ያላችሁ ሁሉ ይህን ሥራ ለነገ አታሳድሩት፤ ፎንቱን የሚያስነሣ ኮምፒውተር ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ነው።

ለገጹ መልክ እንደ ኖቶና አቢሲኒካ ያሉ በነጻ የሚገኙ ፎንቶች ይበቃሉ። የእኛ ፊደል ቁመቱ ስለሚሞላ በመስመርና በመስመር መካከል ለላቲን ከሚተወው የሰፋ ክፍተት ይፈልጋል፤ ይህን አንዲት ነገር ብቻ ስላስተካከልሁ ዐይናቸው የደከመ አንባቢዎቼ አመስግነውኛል። የየገጹን አድራሻ በአማርኛ መጻፍ ደስ ያሰኝ ነበር፤ ነገር ግን አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ አድራሻው ተቀድቶ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል። አንድ አጭር ርእስ ሙሉ አንቀጽ የሚያህል አድራሻ ሆኖ ሲመጣ ሰው ማጭበርበሪያ እየመሰለው ሳይከፍተው ይቀር ነበር። ስለዚህ አድራሻዎቼን በዓመተ ምሕረትና በተራ ቁጥር ብቻ አደረግኋቸው።

ፍለጋውም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት ዓይነት፣ ሁለተኛውን በስድስት ዓይነት የሚጽፍ አለ፤ ሁለት በስድስት ሲባዛ ለአንዲት ቃል አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይወጣል። እኔ የፊደል ሥርዓት እንዲጠበቅ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ በምጽፈውም አልለቅቅም። ነገር ግን አንባቢዬ በፈለገው ፊደል ቢፈልግ እንዲያገኝ፣ የገጼ መፈለጊያ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር አንድ ወጣት ባለሙያ አስተካክሎልኛል። ቀን ስጽፍም የእኛውን አስቀድሜ ዓ.ም. እላለሁ፤ የፈረንጁ ከሆነ እ.ኤ.አ. ሳልል አላልፍም። ሁለቱ አቆጣጠሮች የሚለያዩት በሰባትና በስምንት ዓመት ስለሆነ፣ 2013 ብሎ ብቻ የተወ ጽሑፍ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚያነብ ሰው ስለ የትኛው ዘመን እንደሚናገር አይታወቅም።

ገጼን በከፈትሁበት ዓመት በሚያዝያ ወር የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ታሠሩ፤ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ነበሩ። በግዕዝ ደብዳቤ ማለት የሆነውን ጦማር የሚለውን ቃል፣ ለብሎግ መጠሪያ አድርገው ለብዙ ሰው ያስለመዱት እነርሱ ናቸው። እናቴ ዜናውን በሰማች ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ እባክሽ ተዪው» ብላ ለመነችኝ። አልተውሁትም፤ ነገር ግን ፍርሃቷ አንድ ልማድ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕለቱ ወሬ በዕለቱ አልጽፍም። መጀመሪያ በወረቀት ደብተር እጽፈዋለሁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ መልሼ አነብና እውነት ሆኖ የቆየውን ብቻ ወደ ገጹ አሸጋግራለሁ። ይህን ልማድ አንድ ጊዜ ጥሼው የደረሰብኝን እነሆ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ሰው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ለመሸመት ወደ ገበያ ይሯሯጥ ጀመር። በዚያ ሰሞን በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ሐኪም ነኝ የሚል ሰው፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሶ ጠዋት ጠዋት የወሰደ ሰው ቫይረሱ ወደ ሳንባው አይወርድም ይላል። ድምፁ የረጋና የአባት ድምፅ የሚመስል ነበር። እኔም ሰው ሁሉ በፈራበት ሰዓት አንዳች የሚጠቅም ነገር ልስጥ ብዬ፣ ደብተሩንና ሦስቱን ቀን ረስቼ፣ የተባለውን ቃል በቃል ገልብጬ በገጼ ላይ አወጣሁት። በዓመታት ውስጥ ከጻፍሁት ሁሉ እንደዚያ የተነበበ አልነበረም።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ደጃፍ ላይ አግኝታኝ፣ «እትዬ፣ ይህን የተናገሩት ሐኪም ማን ናቸው? የት ነው የሚሠሩት?» ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥላም፣ «እኛ ጋ የሚመጡ ሰዎች ፌጦውን ወስደናል እያሉ እጃቸውን መታጠብም፣ ርቀት መጠበቅም እየተዉ ነው» ስትለኝ እግሬ ከመሬት አልነሣም አለኝ። ማን አለ፣ በምን አወቀ፣ መቼ ተባለ ብሎ መጠየቅ የአራሚ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው፤ እኔ አንዱንም አልጠየቅሁም ነበር።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ጽሑፉን ማጥፋት ነበር። ወዲያው ግን በጋዜጣው ቤት ሳለሁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አራሚ ትዝ አሉኝ፤ እርሳቸው ስሕተት በወጣበት ገጽ ላይ፣ ስሕተቱ በወጣበት የፊደል መጠን እርማት ይውጣ እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረው፣ እርማት ግን ሁልጊዜ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከሐዘን ማስታወቂያ በታች በደቃቅ ፊደል ሲወጣ ያዩ ሰው ነበሩ። እኔ የራሴ ገጽ ነበረኝ፤ የእርሳቸውን ሕግ ለመፈጸም የሚከለክለኝ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ጽሑፉን ሳላጠፋ እያንዳንዱን ቃል በመስመር ሰረዝሁት፤ ከላዩ ላይ በዚያው የፊደል መጠን፣ ምን እንዳልሁ፣ ለምን ስሕተት እንደሆነ፣ ከየት እንዳገኘሁትና ሳላጣራ ማውጣቴን ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሼ ጻፍሁ። ለሌላ ሰው አስተላልፈናል ብለው ለጻፉልኝ ሰዎች ሁሉ እርማቱን አንድ በአንድ ላክሁላቸው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ስለ መገናኛ ዘዴዎቻችን ብዙ አስተማረኝ። እርማቴ በገጼ ላይ ከስሕተቴ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ጽሑፉን የሚፈልግ ሰው ሁሉ እርማቱን ሳያይ አያልፍም። የድምፅ መልእክቱ ግን በግንቦት ወር ከሌላ ግሩፕ፣ ያው ድምፅ፣ ያው እርጋታ ሆኖ ተመልሶ መጣልኝ። መነሻው የማይታወቅ ስለሆነ እርማትም የሚደርስበት አድራሻ የለውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርሁ ቢሆንም፣ ትርጉሙ ሙሉ ሆኖ የታየኝ ያን ዕለት ነው።

ከዚህ የተነሣ «እርማት» የሚል አንድ ገጽ ከፈትሁ። ከትንሽ የፊደል ግድፈት በቀር፣ በሐሳብ ወይም በመረጃ የተሳሳትሁት ሁሉ በቀን ተራ እዚያ ይሰፍራል። ሰው ይንቀኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከዚያ በፊት በምስጋና ብቻ ይጽፉልኝ የነበሩ አንባቢዎች ስሕተቴን ማስረጃ እያያዙ መላክ ጀመሩ። ድረ ገጽ ለመክፈት የምታስቡ ካላችሁ፣ ስለ ራሳችሁ ከሚናገረው ገጽ ቀጥላችሁ ይህን ገጽ ክፈቱት፤ ባዶውን ቢቆይም ግድ የለም።

ሰው በበይነ መረብ ላይ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች በማጥላላት አላምንም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የአክስቴ ልጅ ሰው በበይነ መረብ በድምፅ ስለሚወያይባቸው የፓልቶክ ክፍሎች በስልክ ታወራኝ ነበር፤ ከሥራ የደከመ ሰው እኩለ ሌሊት ድረስ ማይክ እስኪደርሰው ወረፋ ይዞ ስለ አገሩ ሲከራከር ያድር ነበር፤ ሲነጋ ግን የተባለው ሁሉ አይገኝም። በ2013 ዓ.ም. ክለብ ሃውስ ሲመጣ ያንኑ ነገር በአዲስ ስም አየሁት። በፌስቡክ ጽሑፉ ይቀራል፤ የሚታየው ግን በተጻፈበት ተራ ሳይሆን ባስነሣው ስሜት መጠን ነው። የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ፣ ብዙ ምላሽ የሚያስነሣውን እየመረጠ ወደ ፊት የሚያመጣው አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ ስትመሰክር፣ እኔ ያ ግሩፕ የፈረሰበትን ምሽት አስታወስሁ። በዚያ ምሽት ከፊታችን ይመላለስ የነበረው ስድቡ እንጂ የቃሉን አመጣጥ በማስረጃ ያስረዳው ሰው ጽሑፍ አልነበረም።

ለእኔ ጉድለቱ የታየኝ በዕድራችን ምሳሌ ነው። ዕድር ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ከሁሉም በላይ መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ አለው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ምን እንደተወሰነ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ግን ባለፈው ወር የተስማማበትን ዛሬ እንደ አዲስ ይጣላበታል። ስለዚህ በምገኝባቸው ሁለት ግሩፖች ውስጥ ሳልመረጥ ጸሐፊ ሆንሁ። ጥሩ ውይይት ሲደረግ ተናጋሪዎቹን አስፈቅጄ፣ ስማቸው እንዲጠቀስ የማይፈልጉትን ትቼ፣ ፍሬ ነገሩን በገጼ ላይ አጠናቅረዋለሁ፤ ጥያቄው እንደገና ሲነሣ አድራሻውን እልካለሁ። ያ የጠፋው የገጠር ቃላት ስብስብ እንደገና የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው፤ አሁን እያንዳንዱ ቃል የተሰማበት ወረዳና የተመዘገበበት ቀን አለው።

በገጼ ላይ የነበረውን የአስተያየት መስጫ ዘግቼዋለሁ። ስድቡንና የማስታወቂያ ጋጋታውን ማጽዳት ከመጻፊያ ጊዜዬ ይበልጥ ነበር። በምትኩ ደብዳቤ በኢሜይል እቀበላለሁ፤ ሌላውን ሰው ይጠቅማል ያልሁትን ጸሐፊውን አስፈቅጄ አወጣለሁ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ሰላምታ ይሰጣል፣ ስሙን ይነግራል፣ ሐሳቡን ይጨርሳል። እስራኤል ናታንያ የሚኖሩ አንድ የጎንደር ተወላጅ፣ ልጆቻቸው አማርኛ ቢሰሙም ፊደል እንደማያነቡ ገልጸው ጽሑፎቹ በድምፅ እንዲቀርቡ ለመኑኝ፤ እስካሁን የተወሰኑትን አንብቤ አኑሬአለሁ። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ደግሞ፣ ማታ ሥራዋን ጨርሳ በስልኳ የምታነበው በጥቂት የካርድ ሂሳብ መሆኑን ጻፈችልኝ። በዚያው ሳምንት ከየገጹ ራስጌ የነበሩትን ትልልቅ ፎቶግራፎች አነሣሁ፤ አሁን አንድ ገጽ ከጽሑፍ በቀር የሚሸከመው ነገር የለም።

የገጹ መቅለል ለአገር ቤት አንባቢም ጠቅሟል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠ ጊዜ አንባቢዎቼ አንድም ገጽ መክፈት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ የዓመቱን ጽሑፍ በአንድ ፋይል ሰብስቤ፣ ማንም ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ በስልኩ ይዞት እንዲቆይ በጳጉሜን አወጣለሁ። እኔም በየሦስት ወሩ የገጹን ሙሉ ቅጂ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን እኅቴ ቤት አስቀምጣለሁ።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ የምጠቅሳቸው ገጾች መጥፋት ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማእከል በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከነበሩት ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ የማይከፈቱ ሆነው ተገኝተዋል። በእኔም ገጽ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጠቀስኋቸው የዜና አድራሻዎች ብዙዎቹ ሞተዋል። ስለዚህ አሁን አድራሻ ብቻ አልተውም፤ የጸሐፊውን ስም፣ ርእሱን፣ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና የታተመ ከሆነም የገጹን ቁጥር እጽፋለሁ። የታተመው ጋዜጣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ገብቶ ሊገኝ ይችላል፤ የታተመ ቅጂ ለሌለው ደግሞ፣ ከመጥቀሴ በፊት ገጹ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ውስጥ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። ክፍያ የለውም፤ የሚወስደውም አንድ ደቂቃ ነው።

ባለፈው ክረምት ጤናዬ ታውኮ ስለነበር፣ የወንድሜን ልጅ ጠርቼ አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጠኋት። በውስጡ አድራሻው የተመዘገበበት ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ የሚቀጥለው የእድሳት ቀንና ክፍያው የሚፈጸምበት መንገድ በወረቀት ተጽፈዋል። ልጅቱ ድረ ገጽ መሥራት ታውቃለች፤ መልኩን ማሳመርም ትፈልጋለች። «አክስቴ፣ አንዳንዱ አሮጌ ጽሑፍ ቢነሣ አይሻልም? ይህ የተሰራረዘው ሁሉ ደስ አይልም» አለችኝ። ቀለሙንም፣ ፎንቱንም፣ ደካማ ናቸው ያለቻቸውን የመጀመሪያ ዓመታት ጽሑፎችም እንደወደደች እንድታደርግ ፈቀድሁላት። ስለ ፌጦው የጻፍሁትንና የእርማቱን ገጽ ግን እንዳትነካ በፖስታው ላይ በእጄ ጻፍሁበት።